የገነት ዓሣ

የገነት ዓሣ (ሳይንሳዊ ስሙ ማክሮፖደስ ኦፐርኩላሪስ) በምሥራቅ እስያ በወንዞች፣ በኩሬዎችና በሩዝ ማሳዎች የሚኖር አነስተኛ ዓሣ ነው። በቀለሙ ውበትና በጥንካሬው ምክንያት በቤት ውስጥ በመስታወት ገንዳ (አኳሪየም) ለጌጥ ይረባል። አየር በቀጥታ መተንፈስ ስለሚችል ሌሎች ዓሦች በሚሞቱበት ውኃ ውስጥ በሕይወት ይቆያል። ይህ ችሎታው ግን ጀማሪ አርቢዎችን ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

መልክና ስያሜ

ጎልማሳ ወንድ ከነጅራቱ ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር ይረዝማል፤ ሴቷ በመጠን አነስ ትላለች። በጎኑ ላይ ሰማያዊና ቀይ ወይም ብርቱካንማ መስመሮች እየተፈራረቁ ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። የወንዱ ክንፎችና ጅራት ከሴቷ ይልቅ ረጃጅም ናቸው። ዝርያውን መጀመሪያ በሳይንሳዊ ስም የመዘገበው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ1758 ነበር። «ኦፐርኩላሪስ» የሚለው ስም የስንጥብን ሽፋን የሚመለከት ነው፤ ስንጥብ ዓሣ በውኃ ውስጥ የሚተነፍስበት አካል ሲሆን፣ በዚህ ዓሣ የስንጥብ ሽፋን ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ይታያል። ቤታ ተብሎ የሚታወቀው የሲያም ተዋጊ ዓሣም የዚሁ አስተኔ አባል ነው።

ታሪክ

የተፈጥሮ መኖሪያው ደቡብ ቻይና፣ ታይዋንና ሰሜን ቬትናም ነው። ከወርቃማው ዓሣ (ጎልድፊሽ) ቀጥሎ ለጌጥ ወደ አውሮፓ ከገቡት የመጀመሪያ ዓሦች አንዱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1869 ከቻይና ወደ ፓሪስ ተወሰደ። በዚያም ፒየር ካርቦኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ ዓሣ አርቢ በገንዳ ውስጥ እንዲራባ አደረገ። በዚያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ማሞቂያም ሆነ የአየር መንፊያ በየቤቱ አልነበረም። የገነት ዓሣ ቅዝቃዜንና የኦክሲጅን እጥረትን ስለሚችል ያለ እነዚህ መሣሪያዎች ሊኖር ቻለ።

አተነፋፈስ

የገነት ዓሣ ከስንጥቡ በላይ ባለ ክፍተት ውስጥ ላቢሪንት የሚባል ተጨማሪ የመተንፈሻ አካል አለው። ላቢሪንት በደም ሥር በተሞላ ስስ ሽፋን የተለበጠ እጥፍጥፍ አጥንት ነው። ዓሣው ወደ ውኃው ገጽ ወጥቶ አየር ሲጎርስ ኦክሲጅኑ በዚህ ሽፋን በኩል ወደ ደሙ ይገባል።

ላቢሪንት የሚያቃልለው የኦክሲጅን እጥረትን ብቻ እንጂ የውኃን መቆሸሽ አይደለም። ከዓሣው ስንጥብና ዓይነ ምድር እንዲሁም ከተረፈ ምግብ የሚመነጨው አሞኒያ ዓሣው አየር ቢተነፍስም ስንጥቡን ይጎዳዋል። ስለዚህ በጠባብ ጎድጓዳ መስታወት ውስጥ ለወራት ሳይሞት የቆየ ዓሣ ተመችቶታል ማለት አይቻልም። የቀለም መደብዘዝ፣ ክንፍን ወደ ሰውነት መሰብሰብ፣ ምግብ መተውና አንድ ጥግ ይዞ መቆየት የጉዳት ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ።

አያያዝ

ለአንድ ወንድና ለአንዲት ሴት 80 ሊትር ገደማ የሚይዝ ገንዳ ተስማሚ ነው። ዓሣው ወደ ላይ ስለሚዘል ገንዳው ክዳን ያስፈልገዋል፤ ነገር ግን ዓሣው አየር እንዲያገኝ በውኃውና በክዳኑ መካከል ክፍተት ይተዋል። በተፈጥሮው ረጋ ያለ ውኃ ስለሚወድ የማጣሪያው ፍሰት ዝግተኛ መሆን አለበት።

አዲስ ገንዳ ዓሣ ከመግባቱ በፊት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊዘጋጅ ይገባል። በዚህ ጊዜ በማጣሪያው ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት ይለውጣሉ። ባክቴሪያዎቹ እንዲራቡ ጥቂት የአሞኒያ ምንጭ ያስፈልጋል፤ ባዶ ውኃን ማቆየት ብቻ አይበቃም። ናይትሬቱ እንዳይጠራቀም በየሳምንቱ ከውኃው ሩብ ያህሉ ይቀየራል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ካለው አስቀድሞ ክሎሪኑ መወገድ አለበት።

ከ16 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውኃ ውስጥ ይኖራል፤ በመሆኑም በብዙ ቤቶች ማሞቂያ አያስፈልገውም። የገነት ዓሣ በዋናነት ሥጋ በል ነው። የትንኝ እጭ፣ ዳፍኒያ፣ አርቴሚያና ለዓሣ የተዘጋጀ ደረቅ ምግብ ይበላል።

ጠባይ

ወንዶች ድንበራቸውን አጥብቀው ይጠብቃሉ። ሁለት ወንዶች ሲገናኙ ክንፋቸውንና የስንጥባቸውን ሽፋን ዘርግተው ይፋጠጣሉ፤ በጠባብ ገንዳ ውስጥ ጠቡ እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። ሴቷም ከወንዱ የምትሸሸግበት ጥቅጥቅ ያለ ተክል ወይም ዋሻ መሰል መጠለያ ያስፈልጋታል። ትናንሽ ዓሦችን ሊበላ፣ ክንፋቸው ረጃጅም የሆኑትንም ሊነክስ ስለሚችል ከእነዚህ ጋር አብሮ አይቀመጥም።

መራባት

ወንዱ አየርን ከአፉ ዝልግልግ ፈሳሽ ጋር እየደባለቀ በውኃው ገጽ ላይ የአረፋ ጎጆ ይሠራል። ከዚያም ከጎጆው ሥር ሴቷን በሰውነቱ ይጠቀልላታል። እንቁላሎቹ ከውኃ ስለሚቀልሉ ወደ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ከጎጆው ውጭ የቀሩትን ወንዱ በአፉ ለቅሞ ይመልሳቸዋል። ከዚህ በኋላ ሴቷን ስለሚያሳድዳት ወደ ሌላ ገንዳ መዛወር አለባት። እንቁላሎቹ ከ1 እስከ 2 ቀን ባለ ጊዜ ውስጥ ይፈለፈላሉ። ጫጩቶቹ በነፃነት መዋኘት ሲጀምሩ አባታቸው ሊበላቸው ስለሚችል እርሱም ይወጣል።

ጫጩቶች ሲወለዱ ላቢሪንታቸው ገና አልዳበረም። አካሉ በሚቀጥሉት ሳምንታት እስኪሠራ ድረስ የሚተነፍሱት በውኃ ውስጥ ባለው ኦክሲጅን ነው። ስለዚህ ወላጆቻቸው በሚችሉት ውኃ ውስጥ ጫጩቶቹ ሊሞቱ ይችላሉ።

በተፈጥሮ ላይ ያለው ሁኔታ

በታይዋን በፀረ ተባይ መድኃኒትና በውኃ ብክለት ምክንያት በሩዝ ማሳዎችና በመስኖ ቦዮች የነበረው ቁጥሩ በእጅጉ ቀንሷል። በአንጻሩ ሰው በወሰደው በማዳጋስካር ራሱን ችሎ ተስፋፍቷል። ጠንካራና አዳኝ ዓሣ በመሆኑ አርቢዎች የማይፈልጉትን ዓሣ ወደ ወንዝም ሆነ ወደ ሐይቅ መልቀቅ የለባቸውም።