መድኃኒቱን የደበቀስ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። እኛ ዛሬ የምንጠይቀው ስለ ሌላው ወገን ነው፤ መድኃኒቱን የደበቀስ?

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልተነሣም። በዚህ በስደት ቀያችን ምች ለመታው ልጅ ዳማከሴ አሽታ ጨምቃ በቡና የምታጠጣ እናት፣ ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳም የሚያፈላልግ ጎረቤት አይታጣም። ቅጠሉን አጥርተው የሚያውቁት አዛውንት ግን እያነሱ ሄደዋል። አገራችን በብራና የተጻፈ መጽሐፈ መድኃኒት እንዳላት የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ብዙው ዕውቀት ከአባት ወደ አንድ ልጅ በምሥጢር የሚተላለፍ ስለ ነበረ፣ ልጁ ሲሰደድ ወይም ሲሞት ዕውቀቱም አብሮ ይቀበራል። ስለሆነም ሳይደበቅ በመጻፉ የተረፈውን የአንድ ቅጠል ታሪክ መመልከት ይጠቅመናል። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በአራተኛው መቶ ዓመት በቻይና ጌ ሆንግ የሚባል ሊቅ ነበረ። ይህ ሰው ድኻው በቀላሉ የሚያገኛቸውን መድኃኒቶች መርጦ፣ ለድንገተኛ ሕመም የምትሆን፣ በእጅጌ ተይዛ የምትሄድ መጽሐፍ አዘጋጀ። በዚህችም መጽሐፍ ውስጥ ቺንግሃኦ የተባለው ቅጠል ለሚያተኩስና ለሚያንቀጠቅጥ ሕመም እንዴት እንደሚሰጥ ገለጸ። አሠራሩም አንድ እፍኝ ያህሉን በውሃ ዘፍዝፎ፣ ጨምቆ፣ ጭማቂውን መጠጣት ነው። ይፍላ አላለም።

ከ1,600 ዓመት ገደማ በኋላ የቬትናም ጦርነት በተፋፋመ ጊዜ ወባ ወታደሩን ይፈጀው ጀመር፤ ክሎሮኪን የማይበግረው ወባ ተነሥቶ ነበርና። ሰሜን ቬትናም እርዳታ ስትጠይቅ የቻይና መንግሥት በሜይ 23 ቀን 1967 ምሥጢራዊ የምርምር ሥራ ከፈተ። ስሙም ከወሩና ከቀኑ ተወስዶ «ፕሮጀክት 523» ተባለ። በ1969 ወደዚህ ሥራ የገቡት ቱ ዩዩ የተባሉት ሴት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ከጥንት መጻሕፍትና ከባህል ሐኪሞች ከ2,000 የሚበልጡ የመድኃኒት አዘገጃጀቶችን ሰበሰቡ። ቺንግሃኦም ተሞከረ፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ሲሠራ፣ ሌላ ጊዜ ሳይሠራ እየቀረ ውጤቱ አልጸና አለ።

በዚህን ጊዜ ቱ ዩዩ የጌ ሆንግን መጽሐፍ እንደገና ተመለከቱ። ቅጠሉ ተጨመቀ እንጂ አልተፈላም፤ እንግዲያውስ መድኃኒቱን የሚያበላሸው ሙቀቱ ይሆን? ብለው ተጠራጠሩ። ስለዚህ በ35 ዲግሪ ገደማ የሚፈላውን ኤተር ተጠቅመው ቅጠሉን ያለ ብዙ ሙቀት አጣሩት። በኦክቶበር 4 ቀን 1971 ቁጥር 191 የተባለው ጭማቂ በአይጦች ላይ የነበረውን የወባ ተውሳክ ሙሉ በሙሉ አጠፋ። በ1972 ቱ ዩዩና ባልደረቦቻቸው ጉዳት እንደሌለው ለማረጋገጥ መጀመሪያ ራሳቸው ወሰዱት፤ ከዚያም ለበሽተኞች ተሰጥቶ ፈወሰ። በዚያው ዓመት ዛሬ አርቴሚሲኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ተለይቶ ወጣ። በውስጡ ተያይዘው የሚገኙ ሁለት የኦክስጅን አቶሞች አሉ። ተውሳኩ ደማችንን ሲበላ ከሚለቀቀው ብረት ጋር ሲገናኙ ማያያዣቸው ይሰበርና ተውሳኩን ያጠፉታል።

ሥራው ምሥጢር ስለ ነበረ በ1977 የመጀመሪያው ጽሑፍ ሲታተም የአንድም ተመራማሪ ስም አልነበረበትም። የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱ ከሌላ ጋር ተጣምሮ እንዲሰጥ የመከረው በ2001 ነው። ኢትዮጵያም በ2004 ይህንኑ ጥምር መድኃኒት ለአደገኛው ወባ ቀዳሚ አደረገችው። ቱ ዩዩ የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ 2015 ደርሶ፣ ዕድሜያቸውም 84 ሆኖ ነበር።

ይህን ስንል ግን ወባ የያዘው ሰው ቅጠል ይቀቅል ማለታችን አይደለም። የእኛዎቹ አሪቲና ጭቁኝ የቺንግሃኦ ዘመዶች ናቸው፤ ሆኖም ዘመድ ሁሉ ያንኑ መድኃኒት አይሸከምም። የቺንግሃኦን ሻይ እንኳ የዓለም ጤና ድርጅት ለወባ አይመክረውም። የመድኃኒቱ መጠን ከቅጠል ቅጠል ይለያያል፤ ያነሰውም ተውሳኩን ሳይገድል ያለማምደዋል። በኤርትራ፣ በሩዋንዳና በኡጋንዳ አርቴሚሲኒንን በከፊል የሚቋቋም ወባ ታይቷል። እንዲሁም የአንድ ቅጠል ጭማቂ በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ባክቴሪያ ገደለ ማለት በሰው ሰውነት ውስጥ ይገድላል ማለት አይደለም። ልጇ ያተኮሰባት እናት ሳትውል ሳታድር ወደ ክሊኒክ ትሂድ።

ከአዛውንቶቻችን የምንለምነው የሚያውቁትን እንዲነግሩን ነው፤ ወጣቶችም ይጻፉ። የቅጠሉ ስም፣ የሚቀጠፍበት ወራት፣ እርጥብ ይሁን ደረቅ፣ የሚጨመቅ ይሁን የሚፈላ፣ ልኩም ስንት እንደሆነ አንድም ሳይቀር ይጻፍ። ጎጂ ነው የሚባለውም አይዘለል። ጌ ሆንግ ቅጠሉን ብቻ ጠርቶ አሠራሩን ቢተወው ኖሮ ቱ ዩዩ የሚይዙት ፍንጭ ባላገኙም ነበር። እኛም የጻፍነውን አንድ ቀን መርምሮ እውነቱን ከሐሰቱ የሚለይ ሰው ይነሣ ይሆናል፤ ያልጻፍነውን ግን ማንም ሊመረምረው አይችልም።