የኤሌክትሪክ የጥርስ ብሩሽ፦ ለማን ይጠቅማል? እንዴትስ ይያዛል?

የጥርስ ጉዳት ሲጀምር ሕመም የለውም። ቀዝቃዛ ውኃ ሲጠዘጥዝ ወይም ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳ ግን ጉዳቱ ሥር ሰድዷል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 እ.አ.አ. ባወጣው ሪፖርት 3 ነጥብ 5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በአፍ ውስጥ በሽታዎች እንደሚጠቃ አመላክቷል። አብዛኞቹን በሽታዎች በዕለታዊ ንጽሕና መከላከል ይቻላል።

ጥርስ እንዴት ይጎዳል?

በጥርስ ላይ የሚጋገረው ስስና ዝልግልግ ንጣፍ ተህዋስያን የሞሉበት ነው። ተህዋስያኑ ከሻይ፣ ከቡናና ከከረሜላ የሚያገኙትን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጣሉ፤ አሲዱም የጥርስን ጠንካራ ሽፋን ይቦረቡራል። ንጣፉ በየዕለቱ ካልጸዳ ከምራቅ ማዕድናት ጋር ተዋሕዶ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ያን ጊዜ በብሩሽ አይለቅም፤ በባለሙያ መነሳት ይኖርበታል። ድድም ያብጣል፣ ይደማል፤ ችላ ከተባለ ጥርስን እስከ ማጣት ያደርሳል።

የኤሌክትሪክ ብሩሹ ምን የተለየ ነገር አለው?

በኤሌክትሪክ የሚሠራ የጥርስ ብሩሽ በ1954 እ.አ.አ. በስዊዘርላንድ ተሠራ። ዛሬ በስፋት የሚታወቁት ሁለት ዓይነቶች ናቸው፤ አንደኛው ክብ ጭንቅላቱን ወዲያና ወዲህ የሚያዞር፣ ሁለተኛው በከፍተኛ ፍጥነት የሚርገበገብ ነው። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች ገምጋሚ ድርጅት በ2014 እ.አ.አ. 56 ጥናቶችን መርምሮ፣ ከሦስት ወር በላይ የኤሌክትሪክ ብሩሽ በተጠቀሙ ሰዎች ላይ የተህዋስያን ንጣፍ ከእጅ ብሩሽ ተጠቃሚዎች ይልቅ በ21 በመቶ፣ የድድ ብግነት ደግሞ በ11 በመቶ ቀንሶ ማግኘቱን ገልጿል። ይህ ልዩነት በሕክምና ረገድ ያለው ፋይዳ ግን ገና ግልጽ አለመሆኑንም አክሏል።

ይበልጥ የሚጠቅመው እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ወይም መገጣጠሚያቸውን ለሚያማቸው አረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአስታማሚዎችና የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ ላሰሩ ሰዎች ነው። እጁ የሚታዘዝለት ሰው በተራ ብሩሽም ጥርሱን በሚገባ ማጽዳት ይችላል።

አጠቃቀሙ

ለስላሳ ጭንቅላት ይምረጡ። ብሩሹን ከጥርስና ከድድ መገናኛ ላይ በዝግታ ያሳርፉ፤ በየጥርሱ ላይ ጥቂት ሴኮንድ አቆይተው ወደ ቀጣዩ ይለፉ። ሥራውን ሞተሩ ስለሚሠራ እንደ እጅ ብሩሽ መፈተግ አያስፈልግም፤ አጥብቆ መጫን ድድን ያቆስላል። ጊዜው ሁለት ደቂቃ፣ በቀን ሁለቴ ሲሆን አንዱ የግድ ከመኝታ በፊት መሆን አለበት፤ ሌሊት ምራቅ ስለሚቀንስ ጥርስ መከላከያው ይሳሳል። ጭንቅላቱ በየሦስት ወሩ ይቀየራል፤ ለሌላ ሰው አይዋስም።

ኃይልና ወጪ

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ አንዴ ተሞልቶ ለበርካታ ቀናት የሚያገለግል ወይም በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ብሩሽ ይመረጣል። ከመግዛት በፊት ተቀያሪ ጭንቅላቱ በቅርብ ገበያ መገኘቱን ማረጋገጥ ይገባል፤ ጭንቅላት ያጣ ብሩሽ ከወራት በኋላ ዋጋ የለውም።

የጥርስ ሳሙናና መፋቂያ

ከብሩሹ ዓይነት የሚቀድመው ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ነው። በማሸጊያው ላይ የፍሎራይድ መጠኑ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም መሆኑን ይመልከቱ። ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የሩዝ ፍሬ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላሉት የአተር ፍሬ የሚያህል ይበቃል።

የወይራና የክትክታ መፋቂያ በሚገባ ከተጠቀሙበት ጥርስን ያጸዳል። ይሁንና ፍሎራይድ አይሰጥም፤ የመንጋጋን የውስጥ ገጽ መድረስም ይከብደዋል። ጫፉ በየጊዜው ይቆረጥ፤ ድድን በሚወጋ ሻካራ እንጨትም አይፋቅ።

በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ አካባቢዎች የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የብዙዎች ጥርስ ይበልዛል። ይህ ጥርስ ገና ሲያድግ የሚፈጠር በመሆኑ የትኛውም ብሩሽ አያስለቅቀውም።

ወደ ሐኪም መቼ?

ድድ ከሁለት ሳምንት በላይ ከደማ፣ ጥርስ ከተነቃነቀ፣ ወይም ፊት ካበጠና ትኩሳት ካለ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ቤተሰብ በኤሌክትሪክ ብሩሹ ፋንታ ለእያንዳንዱ አባል የእጅ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ቢገዛ ይበልጥ ይጠቀማል።