አንድ ቀን በሮማ ከተማ፤ የሐውልቶቿ ነገር

የሮማ ስም በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ወንጌልን የሚያነብ ከአውግስጦስ ቄሣር ትእዛዝ ጋር፣ የሐዋርያትን ገድል የሚሰማ ከጴጥሮስና ከጳውሎስ ሰማዕትነት ጋር፣ ዜና አይሁድን የሚመለከት ከጥጦስ ዘመቻ ጋር ያውቃታል። ኋላም አባቶቻችን በዓድዋና በማይጨው ይህንኑ ስም በሌላ መልክ ሰምተውታል። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ በሥራ ጉዳይ ወይም በመንገድ አጋጣሚ ለአንድ ቀን ያህል በሮማ ሲያልፍ፣ የሚያያት ከተማ ፈጽማ እንግዳ አትሆንበትም። ችግሩ ጊዜው አጭር፣ ከተማይቱ ሰፊ መሆኗ ነው።

አንዲት ቀን ብቻ ላለው ሰው ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከአርባና ከአምሳ ሰው ጋር ተሰልፎ፣ ጃንጥላውን ከፍ አድርጎ የሚሄደውን አስጐብኚ ከኋላ መከተል ነው። ሁለተኛው ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ ፈቃድ ያለው አንድ አስጐብኚ ለብቻ መያዝ ነው። ይህኛው ዋጋው ከፍ ይላል፤ ዳሩ ግን የት እንደሚቆምና ምን እንደሚታለፍ የሚወስነው ጎብኚው ራሱ ስለ ሆነ፣ እኛ የመረጥነው ይህን ነው። በሮማ የመንገድ መሪነት ሙያ እጅግ የቆየ ነው። ገና በ12ኛው ክፍለ ዘመን ለተሳላሚዎች የከተማይቱን ድንቆች የሚዘረዝር መጽሐፍ በላቲን ቋንቋ ተጽፎ ነበር። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመንም የእንግሊዝና የሌሎች አገሮች መኳንንት ልጆች ትምህርታቸውን የሚፈጽሙት ወደ ኢጣልያ ተጕዘው ሮማን በማየት ነበር። አስጐብኚውን ኢጣልያኖች «ቺቼሮኔ» ይሉታል፤ ይህም ከጥንቱ አንደበተ ርቱዕ ከቺቼሮ ስም የወጣ ነው። የእኛም መሪ ስለ ቄሣሮች ሲናገር በእውነት ቺቼሮን ይመስል ነበር፤ ስለ 1936 ዓመት ስንጠይቀው ግን ንግግሩ ያጥር ነበር። በዚህ አንፈርድበትም፤ ከፍሎ የሚመጣው እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ቄሣሮች ነውና። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

ጉብኝቱ የሚጀምረው ካምፒዶሊዮ ከሚባለው ኮረብታ ሥር ነው። ኮረብታው በጥንት ዘመን የሮማውያን ዋና ቤተ ጣዖት የነበረበት ሲሆን፣ ዛሬ የከተማይቱ ማዘጋጃ ቤት ይገኝበታል፤ በላዩ ያለውን አደባባይ የነደፈው ሚኬላንጄሎ ነው። በ1960 ሴፕቴምበር 10 ቀን የኦሎምፒክ ማራቶን ሩጫ የተጀመረው ከዚህ ኮረብታ ደረጃ ግርጌ ነበር፤ ስለዚህ ነገር ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ከካምፒዶሊዮ ወደ ኮሎሴኦ የሚወስደው ሰፊና ቀጥ ያለ ጐዳና የጥንት ሥራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ይህ ጐዳና የተመረቀው በ1932 ነው። ሙሶሊኒ ሠራዊቱ በጥንታውያን ፍርስራሾች መካከል እንዲሰለፍበት ፈልጎ፣ በዚያ ይኖሩ የነበሩትን ሰዎች አስነሥቶ፣ የመካከለኛውን ዘመን ሰፈር አፍርሶ አሠራው፤ ስሙንም «የግዛት ጐዳና» አለው። በ1934 በጐዳናው ዳር በጥንታዊው በማክሴንዚዮ ባዚሊካ ግድግዳ ላይ አራት የድንጋይ ካርታዎች ተሰቀሉ። በመጀመሪያው ሮማ አንዲት ነጥብ ናት፤ በአራተኛው፣ በትራያኖስ ዘመን፣ ከእንግሊዝ ደሴት እስከ መስጴጦምያ ተዘርግታ ትታያለች። እነዚህ አራቱ ዛሬም አሉ። በ1936 ግን አምስተኛ ካርታ ተጨምሮ ነበር፤ በእርሱም ላይ ኢትዮጵያ የአዲሱ ግዛት ክፍል ሆና ተቀርጻ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ይህ አምስተኛው ወረደ። አስጐብኚዎች በአራቱ ፊት ያቆማሉ፤ ስለ አምስተኛው ግን ካልተጠየቁ አያነሡም።

ስለ ኮሎሴኦ ብዙ ተጽፏልና አናረዝምም። ቬስፓስያኖስ አስጀምሮት ልጁ ጥጦስ በ80 የመረቀው ሲሆን፣ 50,000 ያህል ሕዝብ ይይዝ ነበር ይባላል። ለእኛ ሰው የበለጠ የሚያስደንቀው በአጠገቡ ያለው የጥጦስ የድል ቅስት ነው። ከቅስቱ ውስጠኛ ግድግዳ በአንዱ ወገን፣ በ70 ዓመት ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የተማረከውን ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝና መለከት የሮማ ወታደሮች ተሸክመው ሲገቡ ተቀርጿል። በዜና አይሁድ የጥፋቱን ታሪክ ያነበበ ሰው በዚህ ሥዕል ፊት ሳይቆም አያልፍም። ከዚያ ፈቀቅ ብሎ በ315 የተመረቀው የቆስጠንጢኖስ ቅስት አለ፤ በየዓመቱ መስቀልን ስናከብር እናቱን ንግሥት እሌኒን የምናነሣት የዚያ ንጉሠ ነገሥት ነው።

ከቆስጠንጢኖስ ቅስት በደቡብ በኩል ሩብ ሰዓት ያልሞላ መንገድ ከሄድን በኋላ ፖርታ ካፔና ከሚባለው አደባባይ ደረስን። ይህ ስፍራ በተራው የጎብኚዎች መንገድ ውስጥ አይገባም፤ መሪያችንን ወደዚያ የወሰድነው እኛ ነን። ከአደባባዩ ቀጥሎ ጥንት የሠረገላ ፈረሶች ይሽቀዳደሙበት የነበረው ረጅም ሜዳ፣ ቺርኮ ማሲሞ፣ ተዘርግቶ ይታያል።

የሮማን ነገሥታት አንድ ልማድ ያልተረዳ ሰው ስለዚህ ቦታ ሊያስተውል አይችልም። አውግስጦስ ግብፅን ከያዘ በኋላ፣ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ10 ዓመት፣ ከፀሐይ ከተማ ከሄልዮፖሊስ የፈርዖኖችን ሐውልት በመርከብ አስመጥቶ በዚህ ሜዳ መካከል አስተከለ። ከእርሱም በኋላ የተነሡት ቄሣሮች እየተከተሉት ሄዱ፤ ከዚህ የተነሣ ዛሬ በሮማ ቆመው የሚገኙት የግብፅ ሐውልቶች በግብፅ ምድር ቆመው ከቀሩት ይበልጣሉ። ቄሣር የሰው አገር ሲይዝ ወርቁን ለወታደሩ፣ ድንጋዩን ለከተማው ያደርግ ነበር ማለት ይቻላል።

በዚሁ ሜዳ የመጨረሻውንና ትልቁን ሐውልት ያስተከለው የቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆንስጣንዮስ ነው። በ357 ዓመት የተተከለው ይህ ሐውልት ቁመቱ 32 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ኋላ ወድቆ ተሰባብሮ በ1587 ተገኝቶ ዛሬ በላተራን ቤተ ክርስቲያን ፊት ቆሟል። ይኸው ቆንስጣንዮስ በ356 ገደማ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፏል፤ ብዙዎች እነዚህን ነገሥታት በትውፊታችን አብርሃና አጽብሐ ከምንላቸው ጋር አንድ ያደርጓቸዋል። ደብዳቤው አባ ሰላማ የምንለው ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተልኮ፣ የአርዮስን ወገን በያዘው ጳጳስ ፊት ስለ ሃይማኖቱ እንዲመረመር የሚጠይቅ ነበር። የደብዳቤው ቃል በቅዱስ አትናቴዎስ መጽሐፍ ውስጥ ተጠብቆ ደርሶናል። እንግዲህ ንጉሠ ነገሥቱ የግብፅን ሐውልት በሮማ ሲያቆም፣ ለአክሱም ነገሥታት ግን የሚጽፈው መልእክት ነበር እንጂ የሚያወርደው ሐውልት አልነበረም። አክሱም በዚያ ዘመን በራሷ ሐውልት የምታቆም መንግሥት ነበረችና።

ያ ሳይሆን የቀረው ነገር ከ1,580 ዓመት በኋላ ሆነ። ሙሶሊኒ የቄሣሮችን ልማድ ሊመስል ፈልጎ፣ በአክሱም በምድር ላይ ተሰብሮ ከነበሩት ሐውልቶች አንዱን፣ ቁመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱም ወደ 160 ቶን የሚጠጋውን፣ በመኪና ወደ ምጽዋ፣ ከዚያም በመርከብ ወደ ኢጣልያ አስወሰደ። በ1937 ኦክቶበር 28 ቀን፣ ፋሺስቶች ሥልጣን የያዙበት 15ኛ ዓመት ሲከበር፣ በፖርታ ካፔና ላይ አቆሙት። በፊት ለፊቱም የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር የሚሆን ትልቅ ሕንጻ ተጀመረ። ሕንጻው የተፈጸመው ከጦርነቱ በኋላ ሲሆን፣ ከ1951 ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት መቀመጫ ሆኗል።

በ1947 በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል በ37ኛው አንቀጽ፣ ኢጣልያ ከ1935 ኦክቶበር 3 ቀን ወዲህ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን የጥበብ ሥራ፣ ንዋየ ቅድሳትና መዛግብት ሁሉ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያዝዛል። 18 ወር የተባለው 58 ዓመት ሆነ። በ2002 መብረቅ ራሱን መታው፤ በ2003 ተነቅሎ ተከፋፈለ፤ በ2005 ኤፕሪል ወር በሦስት ክፍል ሆኖ በትልቅ የጭነት አውሮፕላን አክሱም ገባ፤ በ2008 ሴፕቴምበር 4 ቀንም በአገሩ ቆሞ ተመረቀ። በፖርታ ካፔና ዛሬ ሐውልቱ የለም።

ይሁን እንጂ በቆመበት ዘመን አንድ ነገር አይቷል። በ1960 ዓመት ከካምፒዶሊዮ ግርጌ የተነሡት ሯጮች በአፒያ ጥንታዊ መንገድ፣ ወታደሮች ችቦ እያበሩላቸው፣ በምሽት ሲመለሱ፣ ባዶ እግሩን የሚሮጠው አበበ ቢቂላና የሞሮኮው ራዲ ጐን ለጐን ነበሩ። አበበ ከውድድሩ አስቀድሞ መንገዱን ሲያይ ሐውልቱን ልብ ብሎ ስለ ነበር፣ ጥሎ የሄደው ከዚሁ አጠገብ ሲደርስ እንደ ሆነ ይተረካል። ከዚያም ብቻውን ሮጦ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ፣ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ቀድሞ ገባ። እኛ በእግር የሄድነው ያን የመጨረሻ መንገድ ወደ ኋላ ነበር። መሪያችን ይህን ታሪክ ከእኛ ሲሰማ፣ ለሌሎች እንግዶችም እንደሚያወራው ነገረን።

ከቀትር በኋላ ወደ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ሄድን። በፊቱ ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ ፒያሳ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ እነማን እንደ ሆኑ በዚያ ሻንጣውን እየጐተተ የሚያልፈው ሕዝብ የሚያውቅ አይመስለንም፤ የእኛ ተማሪ ግን ያውቃል። በ1887 ጃንዋሪ 26 ቀን በዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሱት የኮሎኔል ዴ ክሪስቶፎሪስ ጦር ነው። ሮማ ለእነርሱ መታሰቢያ ያቆመችው ሐውልት ደግሞ የራሷ አይደለም፤ በ1883 ከመሬት ተቈፍሮ የወጣ የፈርዖን የዳግማዊ ራምሴስ ሐውልት ነው። ኋላ ከጣቢያው ፊት ተነሥቶ ትንሽ ወደ ራቀ የአትክልት ስፍራ ተወስዷል። ስለ ድል የተሠራ ድንጋይ የሽንፈት መታሰቢያ ሲሆን በሌላ አገር አይተን አናውቅም።

ከ1937 ጀምሮ በዚህ ሐውልት እግር ሥር ከአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ ምስል ተቀምጦ ነበር። በግዞት ለመጡት የኢትዮጵያ መኳንንት አስተርጓሚ የነበረው የኤርትራ ተወላጅ ዘርዓይ ደረስ፣ በ1938 ጁን 15 ቀን ጐራዴውን የመዘዘው በዚህ አንበሳ ፊት ነው። በአገራችን ብዙ ፋሺስቶችን ገደለ ተብሎ ሲነገር ኖሯል፤ በመዛግብት የሚገኘው ግን በምስሉ ፊት ተንበርክኮ ሲጸልይ ሊያነሡት በመጡ ጊዜ ጐራዴ መዝዞ ጥቂት ሰዎችን ማቍሰሉ ነው። በጥይት ከተመታ በኋላ እብድ ነው ተብሎ በሲሲልያ ደሴት በአእምሮ ሕሙማን ቤት ተዘጋበት፤ በ1945 በዚያው ዐረፈ። በእኛ አሳብ የሟቾችን ቍጥር ማብዛት ለዘርዓይ ክብር አይጨምርለትም፤ በጠላት ዋና ከተማ መካከል ለአገሩ ምልክት መንበርከኩ ይበቃዋል። አንበሳው በ1960ዎቹ ዓመታት ተመልሶ ዛሬ በለገሀር ቆሟል።

ቀኑ ሲመሽ የቀረን ቫቲካን ነበር። ከቅዱስ ጴጥሮስ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የምትባል አነስተኛ ቤተ ክርስቲያን አለች። በሯ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ሲሆን፣ በግና መስቀል ተቀርጾበታል። ፓፓ ሲክስቶስ 4ኛ በ1479 ለኢትዮጵያ መነኮሳት ማረፊያ አድርጎ ሰጣት። ሮማ የመጡ ኢትዮጵያውያን ሁሉ በሰንሰለት ወይም በጦርነት እንዳልመጡ ይህች ቤት ትመሰክራለች። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን የመነኮሳቱን ዜማ በሮማ ሰምቶ በመደነቅ ቋንቋቸውን ከአባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ተማረ፤ ቋንቋው የከለዳውያን ቢመስለውም፣ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። በግዕዝ ፊደል ከታተሙት መጻሕፍት የመጀመሪያው ይህ ነው። በ1649 ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር የተዋወቁት በዚችው ቤት ነው።

ከሁሉ ይልቅ መነሣት የሚገባቸው ግን የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ናቸው። በግራኝ ዘመን ገዳማት ሲቃጠሉ፣ መጻሕፍቱ ፈጽመው እንዳይጠፉ በማሰብ፣ በእጅ የተጻፉትን ይዘው በኢየሩሳሌም በኩል ወደ ሮማ መጡ፤ በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። ፊደሉን የሚለቅሙት ኢጣልያኖች ግዕዝ አያነቡም፤ ግዕዝ የሚያነቡት መነኮሳት የማተሚያውን ሥራ አያውቁም ነበር። ስለዚህ በመጽሐፉ መጨረሻ ስለተገኘው ስሕተት አንባቢውን ይቅርታ ጠየቁ። መቃብራቸውም በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ሕዝብ ሁሉ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ስላልሆነች፣ ሊያያት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። መሪያችን ለሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ሲኖር ገብቶባት እንደማያውቅ ነገረን፤ ከበሩም ላይ ቆሞ የተቀረጸውን በግ ለረጅም ጊዜ ይመለከት ነበር።