የሕክምና ተማሪዎች የሰመር የካንሰር ምርምር ፌሎሺፕ

የሰመር የካንሰር ምርምር ፌሎሺፕ የሕክምና ተማሪ በትምህርት ዕረፍቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ሳምንት፣ አበል እየተከፈለው በአንድ የካንሰር ተመራማሪ ሥር የሚሠራበት የሥልጠና ዕድል ነው። በስፋት የሚታወቀው በዩናይትድ ስቴትስ ነው። ከአመልካቾቹ አብዛኞቹ የመጀመሪያ ዓመታቸውን ጨርሰው ሁለተኛውን ገና ያልጀመሩ ናቸው፤ በአራት ዓመቱ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ረዘም ያለ ዕረፍት የሚገኘው በተለምዶ በዚህ መካከል ነውና። ከዚያ በኋላ ፈተናና የሆስፒታል ልምምድ ጊዜውን ይወስዱታል። በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስያሜ

«ሰመር» የሚለውን ቃል በአማርኛ መተካት ያስቸግራል። ፕሮግራሞቹ የሚካሄዱት በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ እነዚህ ወራት በአሜሪካ በጋ፣ በኢትዮጵያ ደግሞ ክረምት ናቸው። «የበጋ ፌሎሺፕ» ቢባል የአዲስ አበባ አንባቢ ጥርን ያስባል፤ «የክረምት ፌሎሺፕ» ቢባል የዋሽንግተኑ አንባቢ በረዶ ይታየዋል። በአሜሪካ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች በአፋቸው «ሰመር» ስለሚሉ እዚህም ይኸው ተይዟል። «ፌሎሺፕ» የሚለውም ከሌሎች ሁለት ትርጉሞች መለየት አለበት፦ አንዱ ስፔሻሊስት ሐኪም ለሰብ-ስፔሻሊቲ የሚሠለጥንበት ጊዜ ነው፤ ሌላው በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የወንጌላውያን ተማሪዎች የጸሎት ኅብረት ነው።

አመጣጥ

የሕክምና ተማሪን በዕረፍቱ ምርምር ማሠራት ከየት ተጀመረ በሚለው ላይ ስምምነት የለም። ታሪኩን ወደ ኋላ የሚስቡ ሰዎች ፓውል ላንገርሃንስን ያነሣሉ፤ ላንገርሃንስ በ1869 በበርሊን ገና ተማሪ ሳለ፣ ዛሬ በስሙ የሚጠሩትን የቆሽት የሴል ደሴቶች ገልጿል። ሌሎች ጄይ ማክሊንን ይጠቅሳሉ። ማክሊን በ1916 በጆንስ ሆፕኪንስ፣ በዊልያም ሃውል ላቦራቶሪ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ማግኘቱን ያሳወቀ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበር፤ ሄፓሪን የማን ግኝት ነው የሚለው ክርክር ግን እሱ ከሞተም በኋላ አልቆመም። ሁለቱም ከተደራጀ የሰመር ፕሮግራም የወጡ አይደሉም።

ለዛሬው ፌሎሺፕ ይበልጥ የሚቀርበው የ1921 የቶሮንቶ ሰመር ሳይሆን አይቀርም። ፍሬድሪክ ባንቲንግ በቆሽት ላይ ለሚያደርገው ሙከራ ፕሮፌሰር ጆን ማክሌዎድ ሁለት ወጣት የፊዚዮሎጂ ተማሪዎችን መደቡለት፤ ቻርልስ ቤስትንና ክላርክ ኖብልን። ሁለቱ ማን ቀድሞ እንደሚጀምር ሳንቲም ወርውረው ዕጣ እንደተጣጣሉ ይነገራል፤ ይህ ከብዙ ዓመት በኋላ የተተረከ ትዝታ ስለሆነ በጥንቃቄ መያዙ ይሻላል። እርግጡ ነገር ቤስት ቀድሞ መጀመሩና ኖብል ተራው ሲደርስ ቤስት እንዲቀጥል መስማማቱ ነው። ቤስት ያኔ 22 ዓመቱ ነበር። ከሥራው ኢንሱሊን ተገኘ፤ በ1923 የኖቤል ሽልማት ለባንቲንግና ለማክሌዎድ ሲሰጥ ባንቲንግ የገንዘቡን ድርሻ ለቤስት አካፈለ።

ታሪኩ ስለ ካንሰር በሚያወራ መጣጥፍ ውስጥ የገባው ከዚያ ሰመር 31 ዓመት በኋላ በሆነው ነገር ነው። ተራውን ለቤስት የተወው ክላርክ ኖብል በ1952፣ ሐኪም ሆኖ ሳለ፣ ጃማይካ ከነበረ ታካሚው 25 ያህል ቅጠል የያዘ ጥቅል ደረሰው። ቅጠሉ የማዳጋስካር ፔሪዊንክል ከሚባለው የአበባ ተክል የተለቀመ ነበር፤ የአካባቢው ሰዎች ኢንሱሊን ሲጠፋ ለስኳር በሽታ እያፈሉ ይጠጡታል ተብሎ ነበር። ክላርክ ጥቅሉን በዌስተርን ኦንታሪዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ለነበረው ወንድሙ ለሮበርት ኖብል ላከለት። ሮበርት ጭማቂውን በአይጦች ላይ ሲሞክር የደም ስኳራቸው እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አላሳየም፤ በመርፌ የተሰጣቸው ግን በኢንፌክሽን ይሞቱ ጀመር። ነጭ የደም ሴላቸው ወርዶ፣ መቅኔያቸው ተጎድቶ ነበር። ሮበርት ይህን እንደ ከሸፈ ሙከራ አልጣለውም፤ የደም ሴሎችን መራባት የሚገታ ነገር የደም ካንሰርንም ሊገታ ይችላል ብሎ አሰበ። ከኬሚስቱ ቻርልስ ቢር ጋር ሠርተው ቪንብላስቲን የተባለውን መድኃኒት ለዩ፤ ውጤታቸውም በ1958 ታተመ። ኢላይ ሊሊ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያም በራሱ መንገድ በዚሁ ተክል ላይ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ የተገኘው ቪንክሪስቲን በሕፃናት የደም ካንሰር ሕክምና ውስጥ ዛሬም ዋነኛ ነው። ቪንብላስቲን ደግሞ ለሆጅኪን ሊምፎማ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ነው።

ክላርክ ኖብልን «የመጀመሪያው የሰመር ፌሎ» ማለት ግን ማጋነን ይሆናል፤ በ1921 የተመደበው ለካንሰር ምርምር አልነበረም።

ገንዘብና አዘጋጆች

የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት በ1937 ተቋቋመ፤ በታኅሣሥ 1971 ፕሬዚዳንት ኒክሰን የፈረሙት የካንሰር ሕግ በጀቱንና ሥልጣኑን አሰፋ። በ1974 የወጣው የምርምር ሥልጠና ሕግ፣ ከ2002 ጀምሮ በሩት ኪርሽስታይን ስም የሚጠራውን ብሔራዊ የሥልጠና ድጋፍ መሠረተ። ከዚህ ሥር «ቲ 35» የተባለው የድጋፍ ዓይነት ለተማሪው ሳይሆን ለትምህርት ቤቱ ተሰጥቶ፣ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎችን ለሁለት ወይም ለሦስት ወር ሙሉ ጊዜ ያሠለጥንበታል። ለካንሰር ብቻ የተወሰነ አይደለም። ለካንሰር የሚቀርበው የኢንስቲትዩቱ የትምህርት ድጋፍ «አር 25» ነው፤ በሜምፊስ የሴይንት ጁድ የሕፃናት ሆስፒታል የሚያካሂደው የሕፃናት ኦንኮሎጂ ትምህርት ፕሮግራም በዚሁ ድጋፍ ከቆሙት መካከል ነው። በኒው ዮርክ ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግም ለሕክምና ተማሪዎች የሰመር ፌሎሺፕ አለው።

ከመንግሥት ውጭ ካሉት የአሌክስ ሌመኔድ ስታንድ ፋውንዴሽን ይጠቀሳል። ኒውሮብላስቶማ የያዛት አሌክሳንድራ ስኮት በ2000 በቤቷ ደጃፍ የሎሚ ጭማቂ ሸጣ ለሐኪሞቿ ምርምር ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረች። በ2004 በ8 ዓመቷ ስታርፍ ሥራውን ቤተሰቧ ቀጠለበት፤ ፋውንዴሽኑ ዛሬ በሕፃናት ካንሰር ላይ ለሚሠሩ ተማሪዎች የሰመር ድጋፍ ይሰጣል።

ከእነዚህ ድጋፎች ጀርባ ከሚነሡት ሥጋቶች አንዱ፣ ሕመምተኛ እያከመ ምርምርም የሚሠራ ሐኪም እየጠፋ ነው የሚለው ነው። ሐኪሙ ጄምስ ዊንጋርደን በ1979 ባወጣው ጽሑፍ ይህን ዓይነት ሐኪም ለመጥፋት ከተቃረበ ዝርያ ጋር አመሳስሎታል።

የሥራው ይዘት

ተማሪው የምርምር ሥነ ምግባርና የሕሙማን ምስጢር አጠባበቅ ሥልጠና ይወስዳል፤ ከዚያ ከአማካሪው ጋር በተስማማበት ጥያቄ ላይ ይሠራል። ላቦራቶሪ ከገባ ሴል ማሳደግ ይማራል፤ ካልሆነ የሕሙማንን ካርድ እያነበበ መረጃ ወደ ሠንጠረዥ ይለቅማል። በሁለተኛው ሥራ ላይ ሳያጋጥም የማይቀረው የካፕላን–ማየር መስመር ነው፤ ኤድዋርድ ካፕላንና ፖል ማየር በ1958 ያወጡት ይህ ስሌት፣ ክትትላቸው የተቋረጠ ሕሙማንን ሳይጥል ስንቶቹ እስከ መቼ በሕይወት እንደቆዩ ያሳያል። ደረጃ በደረጃ እየወረደ የሚሄደው የዚህ መስመር እያንዳንዱ እርከን የሰው ሞት መሆኑን ተማሪው ካርዱን ራሱ ሲያነብ ይረዳዋል። ሰመሩ የሚዘጋው ተማሪው ውጤቱን በፖስተር ሲያቀርብ ነው።

ማን ማመልከት ይችላል

ለአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ይህ ነጥብ በተለይ ይጠቅማል። የኪርሽስታይን ድጋፍ የሚሰጠው ለአሜሪካ ዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ነው። ስለዚህ በዲቪ የገባ፣ ዜግነት ገና ያላገኘ ግን ግሪን ካርድ የያዘ ተማሪ ማመልከት ይችላል፤ በተማሪ ቪዛ ያለው አይችልም። የግል ድርጅቶች ደንብ ከዚህ ሊለይ ይችላል።

ክርክር

የአሜሪካው የሕክምና ፈቃድ ፈተና የመጀመሪያ ደረጃ ከጥር 2022 ወዲህ ነጥብ መስጠቱ ቀርቶ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብቻ ይላል። ተማሪዎችን ይለይ የነበረው ነጥብ ሲቀር፣ ለሬዚደንሲ በሚደረገው ውድድር የታተመ ጽሑፍ ብዛት ክብደት እንዳገኘ በሰፊው ይታመናል። በ10 ሳምንት የሚያልቅ ጥያቄ ትንሽ ጥያቄ ነው፤ ተማሪው ለመታተም ሲቸኩል ከዚህም ያነሰውን ይመርጣል የሚል ተቃውሞ ይሰማል። ተቃውሞው ሚዛን ይደፋል። ይሁንና ጥፋቱ የሰመሩ ማጠር ብቻ አይደለም፤ ተማሪው በመስከረም ወደ ክፍል ሲመለስ አማካሪው ጥያቄውን አብሮት ካልቀጠለ ሥራው እዚያው ይቀራል። አበሉ ቤት ኪራይ በሚወደድባቸው ከተሞች የማይበቃ ሲሆን ደግሞ፣ ወላጅ የሚደጉመው ተማሪ ብቻ ዕድሉን ይወስዳል።

በሌሎች አገሮች

በጀርመን የሕክምና ተማሪዎች ለዶክተርነት ማዕረግ የሚያቀርቡትን ጥናት ብዙዎቹ በትምህርታቸው ላይ ሳሉ ይጀምራሉ።

በኢትዮጵያ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪን ከኅብረተሰቡ ጋር አገናኝቶ በማስተማር ይታወቃል። ካንሰርን በተመለከተ ግን ለጨረር ሕክምና የመጀመሪያው ማዕከል በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተከፈተው በ1997 ሲሆን፣ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው ነበር።