ስሜን አላነበባችሁትም

ስሙኝማ፣ የምተርክላችሁ ስለ አንድ ስብሰባ ነው። ቦታው በአርብ ገበያ ዙሪያ፣ ታች ጋይንት ወረዳ፤ ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ፣ አገሩ ወደ በሽሎ ሸለቆ በሚያሽቆለቁልበት በኩል። ደጋው ገብስና ስንዴ፣ ቆላው ማሽላና ጤፍ ያበቅላል። መሬቱ ግን ታጥቦ አልቋል፤ ዝናቡም አይታመንም። ታች ጋይንት፣ ላይ ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው ሴፍቲኔት፣ ማለትም የሚበሉት ለሚያጥራቸው ቤተሰቦች እህል ወይም ብር በሚሰጠው ፕሮግራም፣ ከታቀፉት ወረዳዎች ናቸው።

የሴፍቲኔቱ ተረጂዎች የሚለዩበት ስብሰባ እንዲህ ነው። የጎጡ ሰው ይሰበሰባል፤ አንዱ ወረቀት ይዞ ይቆምና ስም ያነባል። ወረቀቱ ላይ የሰፈሩት በዓመት ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የሚበሉት የሚያጥራቸው ቤተሰቦች ናቸው። ስሙ የተነበበና ጉልበት ያለው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፤ በቤተሰቡ ልክ፣ ለአንድ ሰው በወር አምስት ቀን እየታሰበለት፣ እህል ወይም ብር ይቀበላል። የደከመ አዛውንትና ሕመምተኛ ሳይሠራ ያገኛል። ስሙ ያልተነበበ ደግሞ ይነሳል።

አስቡት፤ ባሏ የሞተባት አንዲት እናት ነጠላዋን አስተካክላ ትነሳለች። «ወንድሞቼ፣ ስሜን አላነበባችሁትም። በሬ አላት ብላችሁ እንደሆነ፣ በሬው አምና በሰኔ ሞቷል።» ከወዲያ ማዶ አንዱ ጎረቤት ይነሳል። «እውነቷን ነው፤ ቆዳውን የገፈፍነው እኔና ልጇ ነን።»

እኔ የወረዳ አስተዳደር ብዬ የማምነው ይህችን ሰዓት ነው። ዝርዝሩን ያወጣው የማኅበረሰቡ የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ነው፤ የቀበሌ ሰውና የግብርና ባለሙያ አሉበት፤ ከነዋሪውም ሴቶች፣ ወንዶች፣ ወጣትና አዛውንት ተመርጠው ገብተውበታል። ማን በሬ እንዳለው፣ ማን በክረምት እንደሸጠው፣ የማን ልጅ ከከተማ ብር እንደሚልክ ያውቃሉ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ባለሙያ ይህን በመጠይቅ አያገኘውም። ሆኖም ጎረቤት ዘመድም አለው፣ ቂምም አለው። ዝርዝሩ ቢሮ ውስጥ እንዳይቀር፣ በሰው ፊት እንዲነበብ የታዘዘው ለዚህ ነው። ያ ካልበቃ ደግሞ የቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። በዚያ የሚቀመጡት ዝርዝሩን ያወጡት ሰዎች መሆን የለባቸውም። እዚያም ያልተፈታው ቅሬታ ተጽፎ ወደ ወረዳው ምክር ቤት፣ አርብ ገበያ ይሄዳል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከየት መጣ? ጋይንት በነበረበት በቀድሞው በጌምድር ገበሬው መንግሥትን የሚያገኘው በመንደሩ ሹም፣ በጭቃ ሹሙ በኩል ነበር። ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ ሲጠፋ አውጫጭኝ ይጠራል፤ አገሬው ተቀምጦ ይጠየቃል፣ የሚጠይቀው ግን ሹሙ ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣና በየ800 ሄክታሩ ገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፤ የራሱ ሊቀ መንበር፣ የራሱ ፍርድ ሸንጎ ኖረው። ገበሬው ከመካከሉ መርጦ የሚያስቀምጠው ሰው ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነበር። ብዙ ሳይቆይ ግን ያው ማኅበር የእህል ኮታ ሰብሳቢ፣ የብሔራዊ ውትድርና መልማይ ሆነ። እናቶች ልጆቻቸውን የደበቁት ራሳቸው ከመረጡት ሊቀ መንበር ነው።

በ1994 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ለወረዳም ለቀበሌም ምክር ቤት ሰጠ። በዚያው ወቅት ጥቅል በጀት ወደ ወረዳ ይወርድ ጀመር፤ የትምህርት ቤቱንና የጤና ጣቢያውን ወጪ የሚያጸድቀው የወረዳው ምክር ቤት ሆነ። ለሚያዝያ 2000 ምርጫ የቀበሌው ምክር ቤት እስከ 300 ወንበር እንዲኖረው ተደረገ፤ በአገሪቱ ሲደመር ከ3 ሚሊዮን በላይ። ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች ከውድድሩ ወጡና ከጥቂቶች በቀር ወንበሩን በሙሉ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ወሰዱት። በ300 ሰው መካከል አንድ የሚቃወም ከሌለ፣ ያ ምክር ቤት መመሪያ ማውረጃ ነው። የእርከን ሥራ ዘመቻም፣ የማዳበሪያ ዕዳም በእሱ በኩል ወረደ።

በሚያዝያ 2005 ምክር ቤቱ አንድ ጊዜ ደግሞ ተመረጠ። የአምስት ዓመቱ ዘመን በ2010 አለቀ። ምርጫው ለዓመት ተራዘመ፣ ከዚያ እንደገና ተራዘመ፣ እስከ ዛሬም አልተካሄደም። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ነው፤ ሰው ለስብሰባ መጥራት ራሱ ከባድ ሆኗል።

ይህ ያመኛል፤ ማመሙንም አልደብቅም። ያቺ እናት ቅሬታዋ ከጎጥ ከቀበሌ አልፎ አርብ ገበያ ሲደርስ የሚቀበለው ምክር ቤት፣ መራጮቹን ከጠየቀ አሥር ዓመት አልፎታል። ከ2005 ወዲህ 18 ዓመት የሞላው የጋይንት ወጣት አግብቷል፣ ልጅ ወልዷል፣ የመሬት ግብር ይከፍላል፣ በጥርና በየካቲት ተራራው ላይ እርከን ይሠራል፤ የቀበሌውን ምክር ቤት አባል ግን አንድም ቀን መርጦ አያውቅም። ሦስት መቶ ወንበር አያስፈልገውም፤ እሱ የመረጣቸው ከሆኑ ሠላሳም ይበቁታል።