ሐረር ያልወጣው ባቡር

የጅቡቲ ባቡር ሐረርን ትቶ ድሬዳዋ ላይ የቀረው በፖለቲካ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ፖለቲካውማ ነበረ፤ ፈረንሳይና እንግሊዝ በመስመሩ ምክንያት ሲናከሱ ከርመዋል። ሐረርን ያስቀራት ግን አቀበቱ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ የመስመሩ የመጀመሪያ ክፍል ከጅቡቲ ሐረር ነበር። ሥራው በ1897 ተጀመረ። ተራራውን መውጣት ግን ገንዘብ ይጨርሳል ተባለና ሐዲዱ በግርጌው እንዲያልፍ ተደረገ። በ1902 መጨረሻ ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ "አዲስ ሐረር" ተባለ፤ ዛሬ ድሬዳዋ የምንለው።

የአቀበቱን ነገር በደንብ የሚያስረዱት፣ ይገርማችኋል፣ አውሮፓ ውስጥ በጓሯቸው ሐዲድ ዘርግተው በድንጋይ ከሰል የሚሠራ ትንሽ ባቡር የሚነዱ ሰዎች ናቸው። መጫወቻ እንዳይመስላችሁ። እሳት አለው፣ ቦይለር አለው፣ ውኃው ካለቀ ይቃጠላል። ከሰሉ እንደ ሽምብራ ተፈርፍሮ በትንሽ አካፋ ይጨመራል። መጀመሪያ ጭስ ማውጫው ላይ ማራገቢያ ተደርጎ እሳቱ ይሳባል፤ ግፊቱ ከመጣ በኋላ ከሲሊንደሩ የሚወጣው እንፋሎት ራሱ ሽቅብ እየተተፋ እሳቱን ያራግባል። የዱሮው ባቡር እያለከለከ ይሄድ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው።

የእኛ ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። የጓሮ ባቡረኞች እንዲህ ያለውን መስመር 22.5 ጊዜ አሳንሰው በ45 ሚሊሜትር ሐዲድ ይሠሩታል። እስቲ አስሉት፦ ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር 1885 ገደማ ናት። ልዩነቱ ለ22.5 ሲካፈል 30 ሜትር ይመጣል፤ የአሥር ፎቅ ሕንፃ ያህል! የብረት ጎማ ደግሞ በብረት ሐዲድ ላይ መንሸራተት ይቀናዋል። በ100 ሜትር 2 ሜትር እንኳ ሽቅብ ሲሆንበት ትንሹም ትልቁም ያቃስታል። የደንገጎን ጥምዝምዝ በመኪና የወጣ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ውጤቱን እናውቀዋለን። የሐረር ቡና ባቡር ፍለጋ ቁልቁል ወረደ፣ ነጋዴውም ተከተለው። ከዘይላ የሚመጣው ሲራራ ያርፍባት የነበረችው ጊልዴሳ ይበልጥ ተጎዳች፤ እሷን ዛሬ ማን ያስታውሳታል? በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም በድሬዳዋ በኩል ነው ያለፈው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ናፍጣ እንፋሎቱን ተካ፤ ድሬዳዋ ጋራዥ ውስጥ ብረት ቀጥቅጠውና በቶርኖ ሞርደው ባቡር ያቆዩ እጆች ደግሞ እያረጁ ነው። የሐረር የቴክኒክ ተማሪዎች ከእነዚህ ሽማግሌዎች ጋር ሆነው ከመዳብ ቦይለር ያለው አንድ ትንሽ ባቡር ቢሠሩ፣ ብየዳውንም ቶርኖውንም የግፊት ሒሳቡንም በአንድ ሥራ ይማራሉ። ሐዲዱ የትምህርት ቤት ግቢ ይበቃዋል። ቦይለሩ ግን እሳት ከመግባቱ በፊት በቀዝቃዛ ውኃ፣ ከሚሠራበት ግፊት በላይ ተጨንቆ ይፈተሽ፤ በዚህ ላይ ቀልድ የለም።