‹‹ጉግል ላይ አንደኛ እናወጣዎታለን›› የሚል ውል ከመፈረም በፊት

ድረ ገጽ ያለው ድርጅት፣ ሆቴልም ይሁን ክሊኒክ ወይም የጥብቅና ቢሮ፣ ይዋል ይደር እንጂ ‹‹ጉግል ላይ አንደኛ እናወጣዎታለን›› የሚል አገልግሎት ሻጭ ይመጣበታል፡፡ የሚሸጠው አገልግሎት ‹‹ኤስኢኦ›› ይባላል፤ ድረ ገጽን ለመፈለጊያ ሞተሮች የማመቻቸት ሥራ ማለት ነው፡፡ ሥራው ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑ አያከራክርም፡፡ የሚያከራክረው በውሉ ውስጥ የሚደረደሩት ቃላት ምን ያህሉ ለከፋዩ ይገቡታል የሚለው ነው፡፡

ከመሠረቱ እንነሳ፡፡ ጉግል ለጥያቄዎ መልስ ሲሰጥ በዚያች ቅጽበት ኢንተርኔትን እያሰሰ አይደለም፡፡ ‹‹ክሮውለር›› የሚባሉ ፕሮግራሞች በሊንክ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው እየተሻገሩ አስቀድመው ያነባሉ፡፡ የተነበበው ተመርምሮ ‹‹ኢንዴክስ›› በሚባል መዝገብ ይያዛል፡፡ ፈላጊው ቃሉን ሲጽፍ ከመዝገቡ ውስጥ ተስማሚ የተባሉት ገጾች በቅደም ተከተል ይደረደራሉ፤ ይህ ‹‹ራንኪንግ›› ነው፡፡ መዝገብ ውስጥ ያልገባ ገጽ ደረጃ ሊኖረው አይችልም፡፡ ያልገባበት ምክንያት ደግሞ አንዳንዴ ተራ ነገር ነው፤ ሠሪው ድረ ገጹ በሙከራ ላይ ሳለ ‹‹ኖኢንዴክስ›› የሚል ትእዛዝ አስገብቶ ሳያነሳው ቀርቶ ይሆናል፡፡ በመፈለጊያው ሳጥን ‹‹ሳይት›› የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቀጥሎ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ፣ ከዚያም ያለ ክፍተት የድረ ገጽዎን አድራሻ ቢጽፉ ከተመዘገቡት ገጾችዎ የተወሰኑትን ያሳይዎታል፡፡

‹‹ኦርጋኒክ›› የሚባለው ውጤት ለጉግል ሳይከፈል የሚገኘው ነው፡፡ የማስታወቂያ ውጤት ግን የተከፈለበት ስለመሆኑ ምልክት አለው፤ ክፍያው ሲቆም እሱም ይጠፋል፡፡ ማስታወቂያ መግዛት ኦርጋኒክ ደረጃን እንደማያሻሽል ጉግል ራሱ ይናገራል፡፡ ማስታወቂያ ገዝቶ ‹‹ይኸው አንደኛ ወጣችሁ›› የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ የትኛውን እንዳሳየዎት ይጠይቁት፡፡

‹‹ኪይወርድ›› ወይም ቁልፍ ቃል ፈላጊው የሚጽፈው ቃል ነው፡፡ ጠበቃ የሚፈልግ ሰው የቢሮውን ስም ላያውቅ ይችላል፤ ‹‹የውርስ ጠበቃ አዲስ አበባ›› ብሎ ይጽፋል፡፡ በአማርኛ ነገሩ ይወሳሰባል፡፡ አንዱ ‹‹ሕግ›› ሲል ሌላው ‹‹ህግ›› ይላል፤ ‹‹ዓለም›› እና ‹‹አለም››፣ ‹‹ፀሐይ›› እና ‹‹ጸሀይ›› እንዲሁ፡፡ የፊደል ሊቃውንት ይቅር ይበሉኝና ደንበኛ ፊደል መርጦ አይፈልግም፡፡ ስለዚህ የሥራዎን ዋና ዋና ቃላት በሁሉም አጻጻፍ ፈልገው ውጤቱን ያነጻጽሩ፡፡ ሌላው የቆየ ልማድ ጽሑፍን በምስል መለጠፍ ነው፡፡ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊትም ሆነ ለዓመታት በኋላ ብዙ የአማርኛ ገጾች በየራሳቸው ፎንት ወይም በምስል ይወጡ ነበር፡፡ ዛሬም የዋጋ ዝርዝሩን እንደ ፖስተር የሚለጥፍ አለ፡፡ ዋናው መረጃ በተራ ጽሑፍ ካልተቀመጠ በፍለጋ የመገኘት ዕድሉ ይጠባል፡፡

ስለ ‹‹ሜታ ኪይወርድስ›› ብዙ መናገር አያስፈልግም፡፡ በገጹ ኮድ ውስጥ የሚደበቅ የቃላት ዝርዝር ሲሆን፣ ጉግል ለደረጃ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 አስታውቋል፡፡ ለዚህ ክፍያ የሚጠይቅ ሰነድ ከቀረበልዎ መስመሩን ይሰርዙት፡፡ ‹‹ታይትል›› ማለትም የገጹ ርዕስ ግን ዋጋ አለው፤ ሁሉም ገጽ ‹‹መነሻ›› የሚል ርዕስ ከያዘ ሞተሩም ፈላጊውም አይለየውም፡፡

‹‹ባክሊንክ›› ከሌላ ድረ ገጽ ወደ እርስዎ የሚያመጣ ሊንክ ነው፡፡ ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ የነደፉት ‹‹ፔጅራንክ›› ሊንክን እንደ ምስክርነት ቆጠረው፡፡ ምስክር በሚቆጠርበት ቦታ ደግሞ የሐሰት ምስክር መገዛቱ አይቀርም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2011 ጄሲ ፔኒ የተባለው የአሜሪካ ሱቅ ለብዙ የዕቃ ስሞች ከላይ ይወጣ የነበረው፣ ከሥራው ጋር ግንኙነት በሌላቸው ገጾች ላይ በተበተኑ ሊንኮች እንደሆነ ኒውዮርክ ታይምስ አጋለጠ፡፡ ኩባንያው ስለ ሊንኮቹ አላውቅም ብሎ የቀጠረውን የኤስኢኦ ድርጅት አሰናበተ፡፡ ደረጃው ግን አሽቆለቆለ፤ የተቀጣው ባለ ድረ ገጹ ነው እንጂ ተቀጣሪው አይደለም፡፡

እንግዲህ ‹‹አንደኛ›› የሚለውን ቃል እንየው፡፡ በየትኛው ቃል፣ ከየትኛው ከተማ ሲፈለግ? ውጤቱ እንደ ፈላጊው ቦታ ይለያያል፡፡ ከዚህም በላይ ጉግል ራሱ ማንም አንደኛነትን ዋስትና ሊሰጥ እንደማይችል ጽፎ አስቀምጧል፡፡ ሰርች ኪንግ የተባለ የኦክላሆማ ድርጅት ጉግል የፔጅራንክ ነጥቤን ዝቅ አደረገብኝ ብሎ ከስሶ ነበር፡፡ የፌዴራሉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ክሱን ውድቅ ሲያደርግ ነጥቡ የጉግል አስተያየት እንደሆነና በአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመናገር ነፃነት እንደሚጠበቅ ወስኗል፡፡ የድረ ገጹ ባለቤት ራሱ በክስ ሊያስከብረው ያልቻለውን ደረጃ ሦስተኛ ወገን ምን ይዞ ይሸጠዋል?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተዋዋይ አንድን ውጤት ለማስገኘት፣ ወይም ለዚያ የሚቻለውን ሁሉ ለማድረግ ብቻ ግዴታ ሊገባ እንደሚችል ይለያል፡፡ ደረጃን በሁለተኛው ክፍል ያስቀምጡት፡፡ በውጤት መልክ ሊጻፍ የሚችለው ሌላ ነው፤ የተሰበሩ ሊንኮች መጠገናቸው፣ እያንዳንዱ ገጽ የራሱ ርዕስ ማግኘቱ፣ ገጹ በስልክ ላይ በአግባቡ መከፈቱ፣ ሊንክ እንዳይገዛ የሚከለክል አንቀጽ፣ እንዲሁም ከ‹‹ሰርች ኮንሶል›› የሚወጣ ወርኃዊ ሪፖርት፡፡ ሰርች ኮንሶል በየትኛው ቃል ተፈልገው ስንት ጊዜ እንደታዩና ስንት ጊዜ እንደተከፈቱ የሚያሳይ የጉግል ነፃ መሣሪያ ነው፡፡ አካውንቱም ሆነ የዶሜይን ስሙ በድርጅትዎ ስም ይከፈት፤ ባለሙያው በተጠቃሚነት ይጨመር፤ ውሉ ሲያበቃ ይነሳ፡፡